የመኪና ባትሪ ለምን ይፈነዳል? በወሎ መንገዶች ለሚሠሩ ሾፌሮች፣ ባለመኪናዎችና ጋራዦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባትሪ ሲፈነዳ ወቀሳው በሙሉ ባትሪው ላይ ይወድቃል። የተሰባበረው ይወጣል፣ አዲስ ይገባል፣ መኪናው ይነሣል፣ ነገሩም አለቀ ይባላል። ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው ዲናሞ ስንት ቮልት እየሰጠ እንደነበር ግን የለካ የለም። ባትሪውን ያፈነዳው ብልሽት ከመኪናው ካልወጣ አዲሱንም ያፈነዳዋል፤ በዚያን ጊዜ ኮፈኑን ከፍቶ የሚቆመው ሰው ማን እንደሚሆን አይታወቅም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የሚመለከቱት አሲድና ውሃ ያለበትን የተለመደውን የእርሳስ ባትሪ ነው። ቁጥሮቹ ለ12 ቮልት መኪና ናቸው፤ ስለ 24 ቮልት ለብቻው ተጽፏል።

ባትሪው ውስጥ የሚፈነዳው ምንድን ነው?

ሃይድሮጂን ጋዝ ነው። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ፣ በተለይ ሞልቶ ሳለ ቻርጁ ካላቆመ፣ ኤሌክትሪኩ በአሲዱ ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ይከፍለዋል። ሃይድሮጂን በአየር ውስጥ ከ4 በመቶ እስከ 75 በመቶ ባለው ድርሻ ሁሉ ይቀጣጠላል፤ ለማቀጣጠልም እጅግ ትንሽ ብልጭታ ትበቃለች። አሲዱ ራሱ አይነድም። ሰው የሚጎዳው ጋዙ ፈንድቶ የፕላስቲኩን ሣጥን ሲሰባብርና አሲዱን ሲረጭ ነው።

ስለዚህ ፍንዳታ እንዲኖር ጋዝና ብልጭታ መገናኘት አለባቸው። ምርመራውም ሁለት ጥያቄ አለው፦ ጋዙን ምን አበዛው? ብልጭታውስ ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ይታወቃል፤ «ተርሚናሉ ላልቶ ነበር» ይባላል፣ ይጠበቃል፣ ይታለፋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል።

ከመፈንዳቱ በፊት የሚታይ ምልክት አለ?

አብዛኛውን ጊዜ አለ። የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከሸተተዎት ባትሪው ከመጠን በላይ ቻርጅ እየተደረገ ነው ወይም ውስጡ ሾርት ሆኗል። ሽታው የሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው፤ መርዛማ ስለሆነ ደግሞ ደጋግመው አያሽቱት። የባትሪው ጎን ማበጥ፣ እጅ አሳርፎ ለመቆየት እስከማይቻል መጋል፣ ከክዳኑ ዙሪያ እርጥበት መውጣት፣ የፓውዛ አምፖል ቶሎ ቶሎ መቃጠል፣ ነዳጅ ሲሰጡ መብራቱ ጎላ ማለት፦ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማሉ። ቮልቱ ከልክ አልፏል ማለት ነው።

ሽታውን ወይም እብጠቱን ካዩ ሞተሩን ያጥፉ፣ ቁልፉን ያውጡ፣ ኮፈኑን ከፍተው ራቅ ይበሉ። ተርሚናል ለመፍታት አይቸኩሉ፤ ጋዝ በከበበው ባትሪ ላይ ተርሚናል መንቀል ራሱ ብልጭታ ይፈጥራል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ ጋዙም ይበተን። ከዚያ ኔጋቲቩን በመጀመሪያ፣ ፖዘቲቩን ቀጥሎ ይፍቱ። ያበጠ ባትሪ ተመልሶ አይገባም፤ ቻርጅም አይደረግም።

የባትሪው ውሃ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ይህ ምን ይነግረኛል?

መሣሪያ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምርመራ የለም። ስድስቱንም ክዳኖች ከፍተው በስልክ መብራት ይዩ። ክብሪት ወይም ሻማ አብርቶ ማየት በቀጥታ ፍንዳታውን መጥራት ነው።

በስድስቱም ሴሎች (በየክዳኑ ሥር ባሉት ክፍሎች) ውሃው እኩል ከወረደ ጥፋቱ የመኪናው ነው፤ ዲናሞው ከልክ በላይ እየሰጠ ነው። የአንዱ ብቻ ከወረደና የሌሎቹ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የባትሪው ነው፤ ያ ሴል ሾርት እየሆነ ነው ወይም ሣጥኑ እዚያ ጋ ተሰንጥቋል። በየሦስት ሳምንቱ ውሃ እየጨመሩ «የኔ ባትሪ ውሃ ይወዳል» ብሎ መኖር አደገኛ ነው። ደህና ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ለወራት ውሃ አይጠይቅም።

የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧም ሆነ የምንጭ ውሃ ማዕድን ስላለው በየሴሉ ውስጥ ያሉትን የእርሳስ ሰሌዳዎች ይጎዳል። አሲድ ጭራሽ አይጨመርም፤ የተነነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና። መጠኑ ከሰሌዳዎቹ በላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ነው። ሰሌዳዎቹ ራቁታቸውን ከወጡ እነሱን እስኪሸፍን ብቻ ይጨምሩ፣ ቻርጅ ይደረግ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ልኩ ይሙሉት። አስቀድመው ከሞሉት በቻርጁ ጊዜ አሲዱ ገንፍሎ ይወጣል።

ቻርጁን በመልቲሜትር እንዴት ልለካው?

ርካሹ መልቲሜትር ይበቃል። መለኪያውን በዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉና ዘንጎቹን በራሱ በእርሳሱ ፖል ላይ ይያዙ፣ በመያዣው ላይ አይደለም። መያዣው ከዛገ የሚያነቡት ቁጥር ይዋሻል።

መጀመሪያ መኪናው ጥቂት ሰዓት ቆሞ፣ ከተቻለ አድሮ ይለካ። ከ12.6 እስከ 12.7 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 አንድ አራተኛ ገደማ። 10.5 አካባቢ ካነበቡ አንድ ሴል ሞቷል፤ እዚህ ላይ ያቁሙ፣ ይህን ባትሪ ይዘው ሞተር አያስነሡ።

ቀጥሎ ሞተሩን ያስነሡና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። መብራትም ቴፕም ሁሉ ይጥፋ። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ)፣ ከዚያም ነዳጅ ተሰጥቶ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ይለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ጤናማ ነው። አሁን ፓውዛውንና የአየር ማራገቢያውን አብርተው በድጋሚ ይለኩ፤ ከ13.5 በታች ከወረደ ዲናሞው፣ ቺንጋው ወይም ሽቦው ደክሟል። ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ቮልቱ አብሮ ከወጣና 15ን ካለፈ የሚቆጣጠረው የለም ማለት ነው።

በሚኒሞ ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ሞተሩ በማርሽ ተይዞ ዙሩ ከፍ ብሎ ይቆያል፤ የደከመ ሬጉሌተር (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ዕቃ) የሚጋለጠው በዚያ ዓይነት ዙር ላይ እንጂ ግቢ ውስጥ በቆመ መኪና አይደለም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ኮምፒውተር ዲናሞውን የሚያዝባቸው አዳዲስ መኪኖች ለአጭር ጊዜ እስከ 15 ቮልት ሊደርሱ ይችላሉ። የሚያሳስበው እዚያው ሲቆይ ነው።

ከ15 ቮልት በላይ አነበብኩ። ዲናሞውን ልቀይር?

ገና አይቀይሩ። ዲናሞው ታዞ ይሆናል የሚሠራው። ሬጉሌተሩ ሥራውን የሚሠራው በሚደርሰው መረጃ ነው፤ የባትሪው ቮልት ዝቅ ብሎ ከደረሰው ዲናሞውን «ጨምር» ይለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መረጃውን የሚያመጣው ሽቦ ይፈተሽ።

በብዙ የጃፓን መኪኖች ዲናሞው ላይ በሚሰካው ሶኬት ውስጥ ከባትሪው በፊውዝ በኩል የሚመጣ የመለኪያ ሽቦ አለ። ሞተሩ እየሠራ የዚህን ሽቦ ቮልት ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ይለኩና ከባትሪው ቮልት ጋር ያነጻጽሩ። ልዩነቱ ከ0.1 ወይም 0.2 ቮልት መብለጥ የለበትም። ባትሪው 15.3 እያለ በሽቦው የሚደርሰው 14.3 ከሆነ ሬጉሌተሩ ጤነኛ ነው፤ አንድ ቮልት በመንገድ ላይ ጠፍቶበታል። የዛገ የፊውዝ እግር፣ የላላ ሶኬት፣ ወይም ለቴፕ ተብሎ የተቆረጠና በላስቲክ የተጠቀለለ ቅጥያ ይፈልጉ። ጥገናው ከዲናሞ ዋጋ ጋር አይገናኝም።

የመለኪያ ሽቦው ደህና ከሆነ ማሳውን፣ ማለትም ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ አካሉ ብረት ያለውን ግንኙነት ይዩ። በ2,000 ዙር፣ መብራቶች በርተው፣ አንዱን ዘንግ በዲናሞው አካል ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ፖል ላይ ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበቡ የማሳ ገመዱ ወይም ብሎኑ ተበላሽቷል። ሬጉሌተሩ ለብቻው ከአካሉ ላይ በተገጠመባቸው የቆዩ የጭነት መኪኖች ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የሬጉሌተሩ ማሳ ሲዝግ የሚያየው ቮልት ከእውነተኛው ያነሰ ስለሚሆን ዲናሞውን ከልክ በላይ ቻርጅ ያስደርገዋል። ብሎኑን ፈትቶ፣ ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ብረቱ ፍቆ መልሶ ማሰር ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጥፋቱ ሬጉሌተሩ ወይም የዲናሞው ውስጥ ነው። ሬጉሌተሩ ውጭ ከሆነ ሞተሩን አጥፍተው ወደ ዲናሞው ካርቦኖች የሚሄደውን የፊልድ ሽቦ (ዲናሞው እንዲያመነጭ ኃይል የሚሰጠውን) ይንቀሉ፣ ጫፉን ይሸፍኑ፣ ሞተሩን አስነሥተው ይለኩ። ቻርጁ ከቆመ ሬጉሌተሩ ነው። ካልቆመ በዲናሞው ውስጥ ፊልዱ ሾርት ሆኗል፤ ለምሳሌ የካርቦኑ መያዣ ከአካሉ ጋር ነክቶ ሊሆን ይችላል። ሬጉሌተሩ ከውስጥ ከሆነ ዲናሞው ይከፈታል። ሬጉሌተሩ ሲቀየር ካርቦኖቹና ኩሽኔታው አብረው ይታዩ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ለመክፈት የሚወጣው የእጅ ዋጋ ከዕቃው ሊበልጥ ይችላል።

ቮልቱ 14.4 ነው፣ ባትሪው ግን ይፈላል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ጋራዦችን ብዙ ጊዜ የሚያታልለው ይህ ነው። የ12 ቮልት ባትሪ ስድስት ሴል አለው። 14.4 ቮልት ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2.4 ይደርሰዋል፤ ይህ ጋዝ መውጣት የሚጀምርበት አካባቢ ነው፣ ግን ይታገሣል። አንዱ ሴል ሾርት ከሆነ ያው 14.4 ለአምስት ይካፈልና ለእያንዳንዱ 2.88 ይሆናል። በዚህ ቮልት አሲዱ ይንፈቀፈቃል፣ ባትሪው ይግላል፣ ሃይድሮጂን በብዛት ይወጣል። መልቲሜትሩ ግን የሚያሳየው ትክክለኛ ቁጥር ነው።

የሚለየው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው የአሲዱን ክብደት ከውሃ ጋር እያነጻጸረ የሚለካው ሃይድሮሜትር ነው፦ ቻርጅ በተደረገ ባትሪ እያንዳንዱ ሴል ከ1.265 እስከ 1.280 ማንበብ አለበት፤ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.050 ከበለጠ ባትሪው አልቋል። ሁለተኛው ሽቦውን ከውጭ አቅፎ አምፔር የሚለካው የዲሲ ክላምፕ ሜትር ነው፦ ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ወደ ባትሪው የሚገባው አምፔር ወደ ጥቂት መውረድ አለበት። አሁንም 15 ወይም 20 አምፔር እየበላ ከሆነና ከጋለ፣ ባትሪው ይውጣ።

ሌላም መንስኤ አለ፤ የዲናሞ ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዕቃ። መልቲሜትሩን ወደ ኤሲ ቮልት ቀይረው፣ መብራቱን አብርተው በ2,000 ዙር ባትሪው ላይ ይለኩ። ከ0.5 ቮልት በላይ ከሆነ ዳዮድ ተቃጥሏል። ይህ ሞገድ ባትሪውን ያለማቋረጥ ያሞቀዋል፤ መኪናው ቆሞ ሲያድር ደግሞ በዚያው በዳዮዱ በኩል ባትሪው ይፈስሳል።

መኪናው ቆሞ አድሮ ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ነው የፈነዳው። ቻርጅ እኮ አልነበረም።

ጋዙ ከትናንት የቀረ ነው፤ ብልጭታው ከባትሪው ውስጥ የወጣ ነው። ሞተሪኖ (የማስነሻው ሞተር) ሲያስነሣ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። ሴሎቹን የሚያያይዘው እርሳስ ከዛገ ወይም በመንገድ ንዝረት ከተሰነጠቀ፣ ያ ሁሉ አምፔር በስንጥቁ ሲያልፍ ብልጭ ይላል። ውሃው ጎድሎ ከሆነ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ሰፊ ነው፣ ጋዙም ብዙ ነው፣ ብልጭታውም ከአሲዱ በላይ ይሆናል። የጎደለ ውሃና ያረጀ ባትሪ አንድ ላይ ሲሆኑ ይህን ያመጣሉ።

ምልክቱ የሚታወቅ ነው፦ ባትሪው ቆሞ 12.5 ያነባል፣ ሞተሪኖው ሲጠራ ወደ ዜሮ ይወድቃል፣ ሲለቁት ወዲያው 12.5 ይመለሳል። የተርሚናል መያዣዎቹ ንጹሕና የጠበቁ ሆነው ይህ ካጋጠመ ውስጡ ተቆርጧል ማለት ነው። «አንዴ ልሞክረው» ብሎ ደጋግሞ ማስነሣት አይገባም። ለመለካት የግድ ከሆነ ሰው ከኮፈኑ ይራቅ፣ መልቲሜትሩ በረዥም ሽቦ ይያዝ። ጤነኛ ባትሪ በሚያስነሣበት ጊዜ ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም።

የዚህ ብልሽት ሌላው አባት ባትሪውን የሚያስረው ብረት መጥፋት ነው። በኮረኮንችና በጠጠር መንገድ ያልታሰረ ባትሪ ሰሌዳዎቹ ይራገፋሉ። በላስቲክ ገመድ ማሰር አይቆጠርም። ከመደበኛው ረዘም ያለ ባትሪ ተገዝቶ ሲገባም ፖዘቲቩ ከኮፈኑ ብረት ጋር የሚነካካበት አጋጣሚ አለ፤ ኮፈኑን ከመዝጋትዎ በፊት በፖሉና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይዩ፣ ፖዘቲቩም የላስቲክ ክዳኑ ይኑረው።

ደሴ ላይ ደህና የነበረ ባትሪ ከባቲ በታች ሲወርድ ለምን ይፈላል?

ቮልቱ ሳይለወጥ ሙቀቱ ስለተለወጠ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ ባቲ ወደ 1,500፣ ሚሌ ደግሞ 500 ሜትር አካባቢ። የጅቡቲ መስመር መኪና በአንድ ቀን ይህን ሁሉ ይወርዳል። ባትሪ በሞቀ መጠን የሚፈልገው የቻርጅ ቮልት ይቀንሳል፤ በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬዱ ወደ 0.2 ቮልት ገደማ። ጠዋት ደሴ ላይ 10 ዲግሪ የነበረ ባትሪ ሚሌ ላይ ከሞተሩ አጠገብ 50 ዲግሪ ቢደርስ ልዩነቱ 0.8 ቮልት ይሆናል። ለደሴ ብርድ የሚስማማው 14.6 በሚሌ ሙቀት 13.8 መሆን ነበረበት።

ደህና ሬጉሌተር ይህን ማስተካከያ በውስጡ ይዟል። ችግሩ ሬጉሌተሩ ተቀይሮ ማስተካከያው የሌለው ወይም ለሌላ መኪና የተሠራ ሲገጠም ነው። ስለዚህ በቆላ መስመር የሚሠራ መኪና ሁለት ጊዜ ይለካ፤ አንዴ ጠዋት በብርድ፣ አንዴ ቆላ ወርዶ ሞተሩ እንደሞቀ። በብርድ 14.7 ማንበብ ብልሽት አይደለም። ቆላ ላይ ሙቅ ሆኖ 14.7 ማንበብ ግን ውሃውን ያደርቀዋል፤ ሬጉሌተሩ በትክክለኛው ይቀየር። በቆላ መስመር ላይ ላለ መኪና የውሃ ምርመራው በየሁለት ሳምንቱ ቢሆን ይመረጣል።

የጭነት መኪኖቼ የሲኖትራክና የኤፍኤስአር ባትሪዎች ሁለት ሁለት ናቸው። ሁልጊዜ የሚፈነዳው አንዱ ብቻ ነው። ለምን?

ሁለቱ 12 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው 24 ይሰጣሉ። ጤናማው የቻርጅ ቮልት በሁለቱ ላይ ተደምሮ ከ27.6 እስከ 28.8 ነው። ድምሩ ትክክል መሆኑ ግን እኩል መካፈሉን አያሳይም። 28.4 ቮልት አንዱ ላይ 15.6 ሌላው ላይ 12.8 ሆኖ ሊያድር ይችላል። አንደኛው ይፈላል፣ ሌላኛው ይራባል። ሞተሩ እየሠራ እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻው ይለኩ፤ ልዩነታቸው ከ0.3 ቮልት ከበለጠ ምክንያቱ ይፈለግ።

ዋናዎቹ ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው አሮጌና አዲስ ማጣመር ነው። አንዱ ሲሞት አንዱን ብቻ መግዛት ቁጠባ ይመስላል፤ የማይመሳሰሉ ባትሪዎች ግን እኩል አይሞሉምና ብዙም ሳይቆይ የሁለተኛው ዋጋ ይወጣል። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ መጠንና በአንድ ዓይነት ይቀየሩ። ሁለተኛው ለቴፕ፣ ለስልክ ቻርጀር ወይም ለተጨማሪ መብራት ከአንደኛው ባትሪ ብቻ 12 ቮልት መውሰድ ነው። የተወሰደበት ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ ዲናሞው ግን የሚያየው ድምሩን ስለሆነ ሲጨምር ያልተወሰደበት ከልክ በላይ ይሞላል። የሚፈነዳውም ያልተወሰደበት ነው፤ ስለዚህ ማንም ሽቦውን አይጠረጥርም። 24ን ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር ይገጠም፣ ከመካከል የሚወጣው ሽቦ ይነቀል።

ከሌላ መኪና በኬብል ሳስነሣ እንዳይፈነዳ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ሁለቱም 12 ወይም ሁለቱም 24 መሆናቸውን ያረጋግጡ። በመንገድ ላይ የቆመች ቪትዝን ከጭነት መኪና 24 ቮልት ማስነሣት ባትሪዋንም ኮምፒውተሯንም ያጠፋል። የሞተው ባትሪ ከተሰነጠቀ፣ ካበጠ ወይም ውሃው ሰሌዳውን ካላለበሰ ኬብል አይነካውም።

ቀዩን በሞተው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ጫፉን በደህናው ፖዘቲቭ ያድርጉ። ጥቁሩን በደህናው ኔጋቲቭ ያስሩና የመጨረሻውን ጫፍ በሞተው መኪና ሞተር ብረት ላይ፣ ከባትሪው ቢያንስ 40 ሴንቲሜትር ርቀው ያስሩ። የመጨረሻው ንክኪ ሁልጊዜ ብልጭ ይላል፤ ብልጭታው ጋዙ ካለበት እንዲርቅ ነው ይህ ሁሉ። ሲፈቱ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ነው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭን ማገላበጥ የዲናሞውን ዳዮዶች ያቃጥላል፣ ባትሪውንም ሊያፈነዳ ይችላል፤ የፖሎቹ ቀለም ከጠፋ ምልክቱን ጠርገው ያንብቡ ወይም በመልቲሜትር ይለዩ።

ዲናሞው መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ ተርሚናል መንቀል ይቻላል?

አይቻልም። በቆላም በደጋም ይህን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። መንቀሉን ተከትሎ የሚመጣው ብልጭታ ጋዙ ላይ ነው፤ ዲናሞውም ጭነቱ በድንገት ሲነጠቅ ቮልቱ ለቅጽበት በብዙ እጥፍ ይዘልላል፤ ዳዮድ፣ ሬጉሌተርና ኮምፒውተር በዚያች ቅጽበት ሊቃጠሉ ይችላሉ። መልቲሜትር እያለ ይህን ማድረግ ምንም ምክንያት የለውም።

«ውሃ የማይፈልግ» የታሸገ ባትሪም ይፈነዳል?

ይፈነዳል። እሱም መተንፈሻ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው በጭቃ፣ በቅባት ወይም በላስቲክ ከተደፈነ ጋዙ ውስጥ ይታመቃል። ውሃ መጨመር ስለማይቻል ከልክ ያለፈ ቻርጅ አንዴ ካደረቀው መመለሻ የለውም። ባትሪን በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥም አይገባም።

ባትሪው ከፊት ወንበር ሥር በሆነባቸው ሚኒባሶች ምን ልጠንቀቅ?

ጋዙ የሚወጣው ሰው ወዳለበት ነው። የመተንፈሻ ቱቦ ያለው ከሆነ ቱቦው ወደ ውጭ መውጣቱንና አለመታጠፉን ይዩ። የወንበሩ ብረት ፖዘቲቩን እንዳይነካ ክዳን ይኑረው። ባትሪው እዚያ ሳለ ከወንበሩ ሥር ቁልፍ፣ ሰንሰለት ወይም ክሪክ አይቀመጥ። ሽታ ከመጣ ተሳፋሪው ይውረድ፣ በሮቹ ይከፈቱ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ይራቅ።

ባትሪ በሚቻርጅበት ቤት ቡና ማፍላት ያስፈራል?

አዎ። በቤቱ ውስጥ ሃይድሮጂን እየወጣ የከሰል ፍም ማራገብ እንደ ክብሪት መጫር ነው፤ ፍሙ ጋዙን ለማቀጣጠል ከበቂ በላይ ሙቅ ነው። ዕጣን የሚጨስበትም ፍም ያው ነው። ቡናው ውጭ ወይም በሌላ ክፍል ይፈላ፣ የቻርጁ ክፍል በርና መስኮት ይከፈት። ሃይድሮጂን ከአየር ስለሚቀልል ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ ከላይ ክፍተት ያስፈልጋል። ቀን ሥራ፣ ማታ መኝታ የሚሆን ክፍል ለቻርጅ አይሆንም። ይህ በገጠር ለመብራት የመኪና ባትሪ ቤት ውስጥ አስቀምጠው ለሚጠቀሙም ይሠራል።

ቻርጀሩ ይጥፋ፣ ከዚያ መያዣዎቹ ይሰኩ ወይም ይነቀሉ። መጠኑ የባትሪው አቅም አንድ አሥረኛ ይሁን፤ ለ60 አምፔር ሰዓት 6 አምፔር። ደንበኛው ቸኩሏል ብሎ በ30 አምፔር መምታት አሮጌ ባትሪን ያፈላዋል።

ፈንድቶ አሲድ ሰው ላይ ከተረጨ ምን ይደረጋል?

ወዲያውኑ ውሃ። ዓይን ከሆነ ሽፋሽፍቱን በጣት ከፍቶ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ያለማቋረጥ ማፍሰስ፤ በመንገድ ላይ የሚጠጣ የታሸገ ውሃም ይሆናል። ማሸት፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ቅጠል፣ ሶዳ፦ አንዱም ዓይን ውስጥ አይገባም። አሲድ የነካው ልብስ ይውለቅ። ሕመሙ ቢቀልም ወደ ሕክምና መሄድ ግድ ነው፤ በደሴ አካባቢ ከሆኑ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለው። ጋራዥ ውስጥ 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጀሪካን፣ መነጽርና ጓንት ከባትሪው ሥራ አጠገብ ሁልጊዜ ይኑሩ።

መኪናው ላይ የፈሰሰው አሲድ በቤኪንግ ሶዳ ይጠፋል፤ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ በግማሽ ሊትር ውሃ በጥብጠው ያፍስሱ፣ አረፋው እስኪያቆም ይድገሙ፣ በብዙ ውሃ ይጠቡ። የሽቦዎቹን ሶኬቶችም ይክፈቱና ይዩ፤ አሲድ የገባበት ሶኬት ከወራት በኋላ ዝጎ የመለኪያ ሽቦውን ያዳክማል፣ የቻርጁ ችግርም በዚያ በኩል እንደገና ይጀምራል።

አዲሱ ባትሪ ከመግባቱ በፊት ጋራዡን ምን ልጠይቅ?

የተሰባበረውን ባትሪ ከመጣልዎ በፊት ያሳዩ። ሰሌዳዎቹ በስድስቱም ደርቀው ከነበረ ዲናሞው ይጠየቅ፤ አንድ ክፍል ብቻ ከተቃጠለ ባትሪው። ፖሉ ላይ የቀለጠ እርሳስ ካለ ብልጭታው የመጣው ከላላ ተርሚናል ወይም ከነካው ብረት ነው።

ከዚያ የማሳ ገመዶቹ ይጽዱ፣ የማስነሻ ኬብሎቹ በማስነሻ ጊዜ ይለኩ፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ከ0.5 ቮልት፣ ከኔጋቲቩ እስከ ሞተሩ ብረት ከ0.3 ቮልት በላይ እንዳይጠፋ። ለዚህ ልኬት ደህንነቱ የታወቀ የመሞከሪያ ባትሪ ይጠቀሙ። ቻርጁ በሚኒሞም በከፍተኛ ዙርም ተለክቶ ቁጥሮቹ በወረቀት ይጻፉልዎ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ያንኑ ልኬትና የውሃውን መጠን ያሳዩ፤ ቁጥሮቹ ከተጻፉት ከ0.2 ቮልት በላይ ከተለወጡ ወይም ውሃው ከወረደ ምርመራው አላለቀም።